አረንጓዴው ሐይቅና ጥቁሩ ዝንብ

ትል የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ ፊቱን ማጨማደዱ የተለመደ ነው። በሥጋ ላይ የታየ እንደ ሆነ ሥጋው ይጣላል፤ በጎመን ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ጎመኑ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ ሰውን ለማዋረድ የፈለገም «አንተ ትል» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ ትል ጥቅም ልጽፍ መነሣቴን የክፍል ጓደኞቼ በሰሙ ጊዜ ሳቁብኝ። እኔ ግን ሳቃቸውን ትቼ የነገሩን አመጣጥ ከሥሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ነገሩም ይህ ነው፤ መርዘኛ አልጌ የሸፈነው ሐይቅ በሚጸዳበት ጊዜ ከውሃው ላይ ተገፎ የሚወጣው አረንጓዴ ክምር ወዴት ይጣላል? ይህንንስ ክምር ለዝንብ ትል ብናበላው ምን ይሆናል? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

በቻይና አገር ታይ የሚባል ሐይቅ አለ። ስፋቱ 2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሐይቅ ይልቅ በሜዳ ላይ የተዘረጋ ውሃ ነው ቢባል ይቀላል። በዙሪያው ትልልቅ ከተሞች፣ ፋብሪካዎችና ማዳበሪያ የሚረጭባቸው እርሻዎች አሉ። በ2007 ዓ.ም. በሜይ ወር መጨረሻ ላይ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ የምትገኘው የውሺ ከተማ ነዋሪዎች ቧንቧቸውን ቢከፍቱ የገማ ውሃ ወረደላቸው። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ አጣ፤ በየሱቁ የነበረውም የታሸገ ውሃ ባንድ ጊዜ አለቀ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ሐይቁን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው አልጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጌው በሚበዛበት ወራት ጀልባዎችና የመምጠጫ መሣሪያዎች ተሠማርተው ከውሃው ላይ እየሰበሰቡ ያወጡታል።

አልጌ ብለን በልማድ እንጥራው እንጂ ይህ ፍጥረት በእውነቱ የባክቴሪያ ወገን ነው፤ ሊቃውንትም ሳያኖባክቴሪያ ይሉታል። ሆኖም እንደ ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል። ከነዚህም መካከል በብዙ አገር ሐይቆች ላይ የሚታወቀው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ነው። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ክብ ክብ የሆኑ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት በሚያጣብቅ ልጋግ ተያይዘው ይታያሉ። በእያንዳንዱም ሕዋስ ውስጥ አየር የያዙ ባዶ ክፍሎች ስላሉ እንደ ቡሽ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ብልሃቱ ብርሃኑን ለራሱ ይወስድና ከበታቹ ያሉትን ሌሎች ተክሎች በጨለማ ያስቀራቸዋል።

ለመሆኑ ይህ ፍጥረት በአንድ ሐይቅ ላይ ሲበዛ በሌላው ላይ የማይበዛው ስለ ምን ነው? ለዚህ መልስ የሰጠው ሥራ እኔን እጅግ ካስደሰቱኝ የሳይንስ ሙከራዎች አንዱ ነው። በ1973 ዓ.ም. በካናዳ አገር በኦንታሪዮ ዴቪድ ሺንድለር የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ ቁጥር 226 የሚባለውን ትንሽ ሐይቅ ወገቡ ላይ በመጋረጃ ጋርደው ለሁለት ከፈሉት። ባንደኛው ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩበት። በሁለተኛው ወገን ደግሞ ካርቦኑንና ናይትሮጅኑን ከፎስፈረስ ጋር አድርገው ጨመሩ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ወገን እንደ ነበረ ቀረ። ከሰማይ ሆነው ያነሡትም ፎቶግራፍ ባንድ ሐይቅ ላይ ሁለት ቀለም ስለሚያሳይ ክርክሩን ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አሳጠረው። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ እስከ 500 ኪሎ የሚደርስ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል ይባላል። ፎስፈረሱም የሚመጣው ከእርሻ ማዳበሪያ፣ ከከተማ ፍሳሽና ከልብስ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መርዙ እንለፍ። ማይክሮሲስቲስ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ይህ መርዝ ሰባት አሚኖ አሲዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ቀለበት የገጠሙበት ነገር ሲሆን የሚጎዳውም በተለይ ጉበትን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሰው ዘወትር በሚጠጣው ውሃ ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅደው መጠን በአንድ ሊትር 1 ማይክሮግራም፥ ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። መርዙን የባሰ የሚያደርገው ደግሞ በማፍላት የማይጠፋ መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. በኦገስት ወር በአሜሪካ አገር በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለችው የቶሌዶ ከተማ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ «ውሃውን አትጠጡ፤ አታፍሉትም» የሚል ትእዛዝ ያወጣችው ስለዚህ ነው። ውሃ ሲፈላ ይተናል፤ መርዙ ግን አይተንምና በቀረው ውሃ ላይ ይበረታል። በእኛ አገር ስለ ውሃ ንጽሕና ሁልጊዜ የሚነገረን ምክር «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ስለ ሆነ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደንግጫለሁ። ከሁሉ የከፋው በ1996 ዓ.ም. በብራዚል በካሩዋሩ ከተማ የሆነው ነው፤ የኩላሊት በሽተኞች ደማቸው በሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ይህ መርዝ ገብቶ ኖሮ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሰዎች ሐይቁ ጸዳ ብለው ሲደሰቱ ከዳር የቆመው ክምር ከነመርዙና ከነፎስፈረሱ እንዳለ ነው። አልጌውን አውጥቶ እዚያው ዳር ትቶት የሚሄድ ሰው ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን በበሩ ላይ እንደሚያኖር ሰው ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።

ክምሩ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው። ይህን በዓይኔ ለማየት ብዬ ከአንድ ኩሬ ላይ የቀዳሁትን አረንጓዴ ዝቃጭ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ሙሉ በአሮጌ ነጠላ አጥልዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን የቀረው አንድ እፍኝ የማይሞላ ቅርፊት ነበር። ሽታውን ግን እናቴ እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ነጠላውም ተጣለ። እንዲህ ያለውን ነገር በእሳት ለማቃጠል ቢፈልጉ አስቀድሞ ውሃውን ለማድረቅ የሚጠፋው ማገዶ ብዙ ነው። መሬት ቆፍረው ቢቀብሩትም ፍሳሹ ወደ ጕድጓድ ውሃ ይሰርጋል። «ፀሐይ ያድርቀውና ይብቃ» የሚልም ሰው ይሳሳታል፤ በአውስትራሊያ በሞኮአን ሐይቅ ዳር የደረቀውን የማይክሮሲስቲስ ቅርፊት የመረመሩ ሊቃውንት መርዙ እስከ ስድስት ወር ድረስ ጸንቶ እንደሚቆይ በ1995 ዓ.ም. ጽፈዋል። ዝም ብሎ ይበስብስ ቢባልም ሌላ ጣጣ አለ። በፈረንሳይ አገር በብሪታኒ ጠረፍ ባሕር የሚተፋው አረንጓዴ አልጌ፥ ዓይነቱ ሌላ ቢሆንም፥ ተከምሮ ሲበሰብስ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይፈጥራል። በ2009 ዓ.ም. በዚያ ስፍራ ሲያልፍ የነበረ ፈረሰኛ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ፈረሱም ሞተ።

ታዲያ ትሉ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ትል ጥቁር ወታደር ዝንብ የሚባለው ዝንብ ልጅ ነው፤ በባዮሎጂ ትምህርታችን እጭ የምንለው መሆኑ ነው። ዝንቡን ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1758 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ የሳይንስ ስሙም ሄርሜቲያ ኢሉሰንስ ነው። ትውልዱ ከአሜሪካ ክፍለ ዓለም ሲሆን ዛሬ በብዙ ሞቃት አገሮች ይገኛል። መልኩ ጥቁር፣ ቁመናው ቀጠን ያለ ስለ ሆነ ላየው ሰው ተርብ ይመስላል፤ ነገር ግን መናደፊያ የለውም። የሚያስደንቀው ነገር፥ ክንፍ ካወጣ በኋላ ምግብ አያስፈልገውም። በትልነቱ ዘመን ባጠራቀመው ስብ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይኖራል፤ ይጋባል፤ እንቁላሉን ይጥላል፤ ይሞታል። የሚበላው ነገር ስለማይፈልግ እንደ ቤት ዝንብ ከመጸዳጃ ቤት ተነሥቶ በእንጀራችን ላይ አያርፍም። ዝንብ ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት ቢያውቅ መልካም ነው።

ሴቲቱ 500 ወይም ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። የምትጥለውም በሚበሰብሰው ነገር ላይ ሳይሆን በአጠገቡ ባለ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ነው። በአራት ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩት ትሎች ወደ ምግቡ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ሥራቸው መብላት ብቻ ነው። ሙቀቱ 27 ወይም 30 ዲግሪ ያህል የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ክብደታቸው በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ያድጋል፤ ርዝመታቸውም 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። የወጥ ቤት ትራፊ ወይም የፍራፍሬ ልጣጭ ያገኙ እንደ ሆነ የደረቅ ክብደቱን ግማሽና ከዚያም በላይ ያጎድሉታል። ከጠገቡ በኋላ ቆዳቸው ይጠቁርና ምግቡን ትተው ደረቅ ስፍራ ፍለጋ ዳገቱን ይወጣሉ። አርቢዎች ይህን ጠባያቸውን ስለሚያውቁ የገበቴውን አንድ ጎን ዘቅዛቃ ያደርጉትና ጫፉ ላይ ባልዲ ይሰቅላሉ፤ ትሎቹም በገዛ እግራቸው (እግር የላቸውም እንጂ) ወጥተው ባልዲው ውስጥ ይወድቃሉ። ለቃሚ የማያስፈልገው መከር ይሏል ይህ ነው። የደረቀው ትል ከመቶ 40 ያህሉ ፕሮቲን፣ ከመቶ 30 ያህሉ ስብ ነው። በናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተባለው የተሐዋስያን ምርምር ተቋም ትሉን ለዶሮ፣ ለዓሣና ለአሳማ መኖ ለማዋል ብዙ ምርምር አድርጓል። የኤውሮጳ ኅብረትም የተሐዋስያንን ፕሮቲን በ2017 ዓ.ም. ለዓሣ እርባታ፣ በ2021 ዓ.ም. ደግሞ ለዶሮና ለአሳማ መኖ እንዲውል ፈቅዷል፤ ይሁን እንጂ ትሎቹ ራሳቸው ምን እንደሚበሉ በሕግ ወስኗል።

ከዚህ በኋላ «እንግዲያው አልጌውን ለትሉ እንስጠው፤ ትሉን ለዶሮዋ፤ እንቁላሉን ለእኛ» ብሎ መቸኮል ይመጣል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

አንደኛው ችግር ውሃው ነው። ትል የሚተነፍሰው አየር ስለ ሆነ እንደ አጥሚት በቀጠነ ዝቃጭ ውስጥ ይሰጥማል፤ ወይም ሸሽቶ ይወጣል። ስለዚህ አልጌው በጨርቅ ወይም በአሸዋ ላይ ከተጠለለ በኋላ ፉርሽካ፣ የደቀቀ ገለባ ወይም የተጨመቀ የጠላ አተላ ሊደባለቅበት ይገባል። ድብልቁ ለሌላም ነገር ይጠቅማል። አልጌው ናይትሮጅን እጅግ የበዛበት ስለ ሆነ ብቻውን ሲበሰብስ ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ ይወጣዋል፤ ገለባውና ፉርሽካው ግን ካርቦን ጨምረው ያለዝቡታል። በኖርዌይ አገር የተደረገ አንድ ምርምር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2017 ዓ.ም. የታተመው ይህ ሥራ ቡናማ የባሕር አልጌን ከሌላ ምግብ ጋር እየደባለቁ ከምንም ጀምሮ እስከ መቶ ከመቶ ድረስ ለዚሁ ትል ማብላት ነበር። አልጌው እስከ ግማሽ ድረስ ሲሆን ትሎቹ በደኅና አደጉ፤ ከግማሽ ሲያልፍ ግን እድገታቸው ቀነሰ። ከባሕሩም አልጌ ውስጥ የነበረው አዮዲንና ቫይታሚን ኢ በትሎቹ ሰውነት ውስጥ ተገኘ። ትል የበላውን ይመስላል ማለት ነው። ይህ ለአዮዲን ሲሆን መልካም ዜና ነው፤ ለመርዝ ሲሆን ግን ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛውና ዋናው ችግር ይኸው መርዙ ነው። የትሉ ሆድ እንዲህ ይሠራል። የመካከለኛው አንጀቱ አንድ ክፍል እንደ ሰው ጨጓራ ኃይለኛ አሲድ አለው፤ ላይሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ንጥረ ነገርም አለበት። ትሉ በበሰበሰ ነገር ውስጥ እየኖረ በሽታ የማይጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮሲስቲስም ባክቴሪያ ስለ ሆነ ግድግዳው በዚህ ሆድ ውስጥ ሊፈርስ ይችላል። ነገር ግን ግድግዳው ፈረሰ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም። በሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ መርዙ በእንስራ እንደ ተከደነ ጠላ ነው፤ እንስራው ሲሰበር ይፈሳል እንጂ አይጠፋም። ሥጋና ባቄላ ስንበላ ፕሮቲናቸውን የሚቆራርጡት የሆዳችን ንጥረ ነገሮች የማይክሮሲስቲንን ቀለበት መፍታት አይችሉም፤ ቀለበቱ ጫፍ የለውም፤ አሚኖ አሲዶቹም ከተለመዱት የተለዩ ናቸው። ይህን ቀለበት መፍታት የሚችሉት በሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ጥቂት ባክቴሪያዎች ናቸው። በ1990ዎቹ ዓመታት የአውስትራሊያ ሊቃውንት ከእነዚህ አንዱን ለይተው አገኙት፤ ወገኑም ስፊንጎሞናስ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ቀለበቱን ባንድ ስፍራ ይበጥሰዋል። ቀለበቱ ተበጥሶ እንደ ገመድ የተዘረጋ እንደ ሆነ መርዝነቱ ከ100 ጊዜ በላይ ይደክማል። እንግዲህ በክምሩ ውስጥ የሚጠቅመን ሠራተኛ ትሉ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ትሉ ክምሩን ይቈፍራል፤ አየር ያስገባል፤ ያደቅቃል፤ ሕዋሱን ይሰብራል። ቀለበቱን የሚፈታው ባክቴሪያ በዚያ ከሌለ ግን ሥራው በግማሽ ይቀራል።

ከትሉ ጋር መርዙ ምን እንደሚሆን ሦስት መንገድ ማሰብ ይቻላል። ወይ ይፈታል፤ ወይ ከፍጉ ጋር ይወጣል፤ ወይ በትሉ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል። ለሦስቱም ዓይነት ምሳሌ ስላለ አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ (በሚሻግት በርበሬና ለውዝ ላይ የሚገኘው) በዚህ ትል ሰውነት ውስጥ አይጠራቀምም፤ ይህ በ2017 ዓ.ም. ታትሟል። ካድሚየም የሚባለው ብረት ግን ከበላው ምግብ ይልቅ በትሉ ውስጥ በርትቶ ይገኛል። አንዱን የሚያስወግድ ሆድ ሌላውን ያከማቻል።

በዚህ ጉዳይ የሚሠራ ሰው በቀላሉ ሊታለል የሚችልበትን አንድ ሒሳብ ላሳይ። ለምሳሌ 10 ኪሎ ክምር ውስጥ 100 ሚሊግራም መርዝ አለ እንበል። ይህ በኪሎ 10 ሚሊግራም ነው። ትሎቹ በልተው ክምሩ 4 ኪሎ ሆነ እንበል። መርዙ ምንም ሳይነካ ቢቀር አሁን በኪሎ 25 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው። ክምሩ ትንሽ ሆነ ብለን ስንደሰት የቀረው ፍግ ከመጀመሪያው ይልቅ መርዘኛ ሆኗል። በተቃራኒው አራት እጥፍ ፉርሽካ ብንደባልቅበት በኪሎ ያለው መርዝ ስለ ቀነሰ «ትሉ አጠፋው» እንል ይሆናል፤ ነገር ግን ያጠፋው ማንም የለም። ስለዚህ የሚለካው በኪሎ ያለው ብቻ ሳይሆን ጠቅላላው ነው፤ በፊት በክምሩ ውስጥ የነበረው፣ በኋላ በፍጉና በትሎቹ ውስጥ የተገኘው ተደምሮ ይተያያል። ደግሞም ትል ያልገባበት ሌላ ክምር በአጠገቡ መኖር አለበት፤ ፀሐይና ባክቴሪያ ብቻቸውን የሚቀንሱት መጠን ለትሉ እንዳይቈጠርለት ነው።

ይህ ሁሉ የቻይናና የአሜሪካ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ከዋና ከተማችን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። የከተማና የእርሻ ፍሳሽ፣ በሞጆ ወንዝ በኩልም የቆዳ ፋብሪካ ቆሻሻ ይወርድበታል። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት ሰባት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንን መርምረው በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ሥራ ማይክሮሲስቲስና መርዙ ከተገኙባቸው ሐይቆች አንዱ ቆቃ ነበር። በሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ከብት የሚያጠጡ፣ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች አሉ። በሰፊው ውሃ ላይ የተበተነውን አልጌ ሁሉ መልቀም አይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ነፋስ ወደ አንድ ጥግ እየገፋ ስለሚያከማቸው በዚያ ጥግ በጨርቅ መረብ መሰብሰብ ይቻላል። ጥጉም ብዙ ጊዜ ሰዎች ውሃ የሚቀዱበት ዳር ስለ ሆነ ጥቅሙ ከመጠኑ ይበልጣል። ታዲያ የቆቃ አልጌ ለትል ሲሰጥ ከማይክሮሲስቲኑ ሌላ ከባድ ብረቶችም አብረውት እንደሚመጡ መርሳት አይገባም፤ ስለ ካድሚየም ያነሣሁት ስለዚህ ነው።

«ፎስፈረሱ ከላይ እየፈሰሰ ከታች ትል ማርባት ምን ይረባል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። አንድ ኪሎ ፎስፈረስ 500 ኪሎ አልጌ ካበቀለ ፍሳሹን ሳያቆሙ አልጌ መልቀም ማብቂያ የለውም። ትሉ ይህን አያቆምም። የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ የተለቀመውን ፎስፈረስ በገለባና በፍግ መልክ ለመሸከም ቀላል አድርጎ ከሐይቁ ተዳፋት ውጭ ወዳለ እርሻ ለመውሰድ ያስችላል። እርጥብ ዝቃጭ በጭነት መኪና ማመላለስ ውሃ ማመላለስ ነው፤ ደረቅ ፍግ ግን በጆንያ ይሄዳል።

በእኔ አስተያየት ትሉ ለዶሮ መኖ ሆኖ እንዲወጣ መቸኮል ትልቅ ስሕተት ነው። የመርዙ ሒሳብ እስኪጠራ ድረስ ከስቡ ሳሙና ወይም ማገዶ የሚሆን ዘይት ማውጣት ይበቃል፤ የትሉ ስብ ለሞተር የሚሆን ዘይት ሊወጣው እንደሚችል ታውቋል። ገንዘቡ ከመኖ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መርዝ በእንቁላል በኩል ወደ ሕፃን አፍ አይገባም።

ሙከራውን ለማድረግ አራት ገበቴ ይበቃል። በመጀመሪያው ፉርሽካና ትል፤ በሁለተኛው ፉርሽካ፣ አልጌና ትል፤ በሦስተኛው ፉርሽካና አልጌ ያለ ትል። በአራተኛው ደግሞ እንደ ሁለተኛው ሆኖ አልጌ ከሚበዛበት ዳር የተወሰደ ጭቃ ይጨመርበታል፤ ቀለበት ፈቺው ባክቴሪያ የሚገኘው እንዲህ ባለ ስፍራ ነውና። የሚሠራው ሰው የእጅ ጓንት ማድረግ፣ ደረቁን ቅርፊት ሲፈጭም አፍንጫውን መሸፈን አለበት። መርዙን መለካት የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሥራ ስላልሆነ ናሙናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይላካል። የሳይንስ ማኅበራችን ዝንቡን ያገኘ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ገበቴ ለመጀመር አስቧል። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼ ዶሮዎች ስላሏቸው ይህን ሰምተው «ታዲያ ልጄ፥ ትሉን ለእኔ አትሰጠኝም?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔም ከፉርሽካው ገበቴ የሚወጣውን ብቻ እንደማመጣላቸው፥ ከሦስቱ ግን አንድም ትል ቢሆን እንደማልሰጣቸው ነግሬአቸዋለሁ።